ጣቢያው የት ይሁን? የባቡር ጣቢያና እያደገ ያለ ከተማ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። በከተማ ትራንስፖርት ፕላን ሥራ ላይ ዓመታት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። እያደገ ላለ ከተማ አዲስ ባቡር ጣቢያ እንዴት እንደሚታቀድ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጣው ጥያቄ ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። የምናገረው የማንንም መሥሪያ ቤት አቋም ወክዬ ሳይሆን በራሴ ስም ነው፤ የማትስማሙበት ካለ እንከራከራለን።

ጥያቄ (ጀሞ፣ አዲስ አበባ)፦ ኢንጂነር፣ ለገሃርን የመሰለ ጣቢያ መሃል ከተማ እያለ የጂቡቲው ባቡር ተሳፋሪውን ለቡ ላይ የሚያወርደው ለምንድን ነው? እኛስ እሺ ቅርብ ነን፤ ኮተቤ ያለው ሰውስ?

ይህን ያልጠየቀ የለም፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። ቀስ ብሎ ስለሚሄድ በተራራውም በሰፈሩም መሃል እየተጠማዘዘ ማለፍ ይችላል። አዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ በ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ለተሳፋሪ ባቡር በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ታስቦ የተነደፈ ነው። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ባቡር እንዲታጠፍ የኩርባው ራዲየስ ከ800 ሜትር ማነስ የለበትም። የለገሃርን አካባቢ ካርታ ዘርጉና 800 ሜትር ራዲየስ ያለው ቅስት ሞክሩበት፤ ስንት ፎቅና ስንት የቀበሌ ቤት እንደሚበላ ታያላችሁ። ጣቢያ ሲሆን ደግሞ መሬቱ ለጥ ያለ መሆን አለበት። የቆመ ፉርጎ በራሱ እንዳይንሸራተት በ1,000 ሜትር ርዝመት ውስጥ የሚፈቀደው ልዩነት፣ እንደየአገሩ ደንብ ቢለያይም፣ ሁለት ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ሜዳ ፈልጎ ያገኘ ካለ ይንገረኝ።

ሌላው ጭነት ነው። መስመሩ ከሰበታ ተነስቶ ከተማዋን በደቡብ በኩል ታክኮ በፉሪ ለቡ፣ በእንዶዴ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በአዳማ አድርጎ ጂቡቲ ናጋድ ይደርሳል፤ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋናው ዓላማው ኮንቴይነር ከወደብ ማምጣትና ቡናና ሌላውን ወጪ ንግድ ማውረድ ነው። ኮንቴይነር የጫነ ባቡር ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ ይምጣ የሚል ፕላነር ካለ ፈቃዱን መንጠቅ ነው።

እስከዚህ ድረስ ውሳኔውን እቀበላለሁ። የማልቀበለው ሌላ ነው። የከተማዋ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የጂቡቲው መስመር የኢትዮጵያ ክፍል መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ለሁለቱም ዋናውን ብድር የሰጠው የቻይናው ኤግዚም ባንክ ነው። ቀላል ባቡሩንም፣ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን ሐዲድም የሠራው ያው የቻይና ኩባንያ ነው። ሁለቱንም ያሠራው የእኛው የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነው። አበዳሪው አንድ፣ ተቋራጩ አንድ፣ አሠሪው አንድ፣ ዘመኑ አንድ፤ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ጣቢያ ግን አንድም የለም። ቀላል ባቡሩ በደቡብ በኩል ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ የድሬዳዋ ተሳፋሪ ለቡ ይወርዳል። የምሕንድስና እውቀት አልጎደለም። ሁለቱን ንድፎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ይህ ሰውዬ ከዚህ ወደዚያ በምን ይሄዳል?» ብሎ የሚጨቀጭቅ ሰው ነው የጎደለው። ያ ሰው ከከተማው አስተዳደር መምጣት ነበረበት፤ መምጣት የነበረበትም መስመሩ ካርታ ላይ ሲሰመር ነበር። ሐዲዱ ከተነጠፈ በኋላ የሚመጣ ከተማ ሪባን ከመቁረጥ በቀር ሥራ የለውም።

ጥያቄ (ለቡ መብራት ኃይል)፦ ያለቀ ነገር ነው። አሁን ምን ይደረግ ነው የምንለው።

ልክ ነህ ወንድሜ። የናይሮቢን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው የሞምባሳ ናይሮቢ ባቡርም ተሳፋሪውን የሚያወርደው ከመሃል ከተማ ራቅ ብሎ ሲዮኪማው አካባቢ ነው። ቅሬታው ከእኛው ጋር አንድ ነበር። እነሱ ግን አሮጌውን ጠባብ ሐዲድ አልጣሉትም፤ ከመሃል ናይሮቢ ጣቢያ ተነስቶ ከትልቁ ባቡር መነሻና መድረሻ ጋር የሚገጣጠም የከተማ ባቡር አስኬዱበት።

እኛ ጋ አሮጌው ሐዲድ ለዚያ አልተረፈም፤ ያለን አስፋልት ነው። ባቡር ለቡ ሲገባ ቆማችሁ ተመልከቱ። ከድሬዳዋ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይወርድም፤ ከቀፊራ ገበያ የተገዛ ብርድ ልብስ በገመድ ታስሮ፣ ማንጎ በማዳበሪያ፣ ልጅ በጀርባ። ያንን ሁሉ ተሸክሞ ከግቢው ሲወጣ የሚጠብቀው የኮንትራት ዋጋ የሚጠራ ሹፌር ነው። እዚያች ቦታ ላይ ባቡሩ ሲደርስ የሚነሳ፣ ባቡሩ ቢዘገይ የሚጠብቅ፣ በራሱ መስመር ወደ ሜክሲኮና ወደ ቃሊቲ የሚሄድ አውቶቡስ ማቆም ምንም የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። ባቡሩና አውቶቡሱ የሁለት የተለያዩ አለቆች ናቸው፤ ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ትኬቱ አንድ ቢሆን፣ ማለትም ከድሬዳዋ የቆረጥከው ትኬት ሜክሲኮ ድረስ ቢያደርስህ፣ ለተሳፋሪው ጣቢያው መሃል ከተማ እንደገባ ይቆጠራል።

ጥያቄ (ድሬዳዋ)፦ የኛ ከተማ የባቡር ልጅ ናት። አዲሱ ጣቢያ ግን ከከተማው ወጥቶ ነው የተሠራው። ድሬ ወደዚያ ታድግ ይሆን አባ? ወይስ ጣቢያው በረሃ ላይ ብቻውን ይቀራል?

ድሬዎች የጠየቃችሁትን ሳነብ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ጣቢያ እንዴት ከተማ እንደሚሠራ ለማስተማር ከእናንተ የተሻለ ምሳሌ በአገራችን የለም።

ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ይደርሳል የተባለው ሐረር ነበር። ተራራውን መውጣት በጣም ውድ ሆኖ ተገኘ። መስመሩ ከታች ሜዳው ላይ ቀረና እ.ኤ.አ. በ1902 ጣቢያው በቆመበት ቦታ አዲስ ሐረር የተባለች ከተማ በቀለች፤ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት። ባቡሩ አዲስ አበባ ለመድረስ ከዚያ በኋላ 15 ዓመት ያህል ፈጅቶበታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ድሬ የባቡሩ ከተማ ነበረች።

ታዲያ ከተማ የሠራው ምኑ ነው? የጣቢያው ሕንፃ መጠነኛ ነው። ወርክሾፑ ግን ሎኮሞቲቭ የሚጠገንበት፣ ብረት የሚቀጠቀጥበት፣ ደሞዝ በየወሩ የሚከፈልበት ቦታ ነበር። የከዚራን ሰፈር ደግሞ እዩ፦ ቤት ሳይበዛ መንገዱ በቀጥታ ተሰምሮ፣ ዛፍ ተተክሎ፣ ጣቢያው ከመንገዶቹ ጫፍ እንዲታይ ተደርጎ ነው የተነጠፈው። ገበያው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ነው፤ በእግር ይደረሳል። ከባቡር የወረደ ሰው ሥራም ቤትም ገበያም በእግሩ ያገኝ ነበር።

በዚህ መለኪያ አዲሱን ጣቢያ ብትመዝኑት ሐዲድና አዳራሽ አለው፤ በእግር የሚደረስ ሥራና ገበያ የለውም። ስለዚህ በራሱ ከተማ አይሆንም። ወደዚያ እንድታድጉ ከተፈለገ መጀመሪያ መደረግ ያለበት የመንገድ መረብ ማስመር ነው፤ በአስፋልት ባይሆን በድንጋይ ችካል። ቦታ የማደሉ ሥራ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ተገላቢጦሽ ከሆነ እያንዳንዱ አጥሩን ካቆመ በኋላ አውቶቡስ የማይዞርበት ሰፈር ይፈጠራል፤ ይህን በየከተማው አይተነዋል።

ጥያቄ (ሐዋሳ)፦ ከከተማ ውጭ ተሠርቶ የተሳካ ጣቢያ በዓለም ላይ አለ?

አለ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1964 ሺንካንሰን የተባለውን ፈጣን ባቡር ስትከፍት ኦሳካ ላይ መሃል ጣቢያው ውስጥ መግባት አልተመቸም፤ ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሰሜን ሺን ኦሳካ የሚባል አዲስ ጣቢያ ተሠራ። ነገር ግን የከተማዋ ዋና የምድር ውስጥ ባቡር እዚያ ድረስ ተዘርግቶ ሺንካንሰኑ ከመጀመሩ ሳምንት ቀደም ብሎ ሥራ ጀመረ። ቀድሞ! በዚያው ዓመት የተከፈተው ሺን ዮኮሃማ ግን ዙሪያው ለዓመታት እርሻ ሆኖ ቆየ፤ የምድር ውስጥ ባቡሩ የደረሰው በ1985 ነው፤ ፎቁም የበዛው ከዚያ ወዲህ ነው።

ያልተሳካውን ከፈለጋችሁ ፈረንሳይ ሂዱ። ከፓሪስ ወደ ሰሜን የሚሄደው ፈጣን ባቡር በአሚየን በኩል ይለፍ ወይስ በሊል ተብሎ ክርክር ነበር። የሊሉ ከንቲባ ፒየር ሞርዋ ቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው፤ መስመሩ ከተማው ውስጥ እንዲገባ ታግሎ አስገባው። ጣቢያው አጠገብ ቢሮው፣ ሱቁ፣ ሆቴሉ አንድ ላይ ታቅዶ ተሠራ። አሚየኖች የደረሳቸው በሁለት ከተሞች መካከል፣ ለሁለቱም ሩቅ የሆነ፣ ማሳ ላይ የቆመ ኦት ፒካርዲ የሚባል ጣቢያ ነው። ፈረንሳዮች «የቀይ ሥር ጣቢያ» እያሉ ያሾፉበታል፤ ዙሪያውን የስኳር ቀይ ሥር ስለሚዘራ። የክፍለ ሀገሩ ሐዲድ እንኳ አይነካውም።

ጥያቄ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ኢትዮጵያ ውስጥ ሁሉ ነገር ብድር ነው። ጣቢያ ሲመጣ በአካባቢው ያለው ሁሉ ይከብራል፤ ታዲያ እሱ አይከፍልም?

እህቴ፣ መልሱን በየቀኑ ታልፊበታለሽ። በቀዩ መስመር ወደ መሃል ዲሲ ስትሄጂ ከዩኒየን ስቴሽን በፊት ያለው ኖማ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2004 በሚሠራ መስመር ላይ መሃል የተጨመረ ነው። ከወጪው 25 ሚሊዮን ዶላሩን በአካባቢው ያሉ ባለመሬቶች በልዩ ግብር ለመክፈል ተስማምተዋል፤ ምክንያቱም መጋዘንና ባዶ ቦታ የነበረው መሬታቸው ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። ያው ዛሬ የምታይው ፎቅ ነው። አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ደግሞ በ2023 የተከፈተውን ፖቶማክ ያርድን ታውቁታላችሁ፤ እዚያም ከተማው በጣቢያው ዙሪያ ልዩ የግብር ቀጠና አበጅቶ ነበር።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ቀላልም ከባድም ነው። ቀላል የሚሆነው መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ነው። በሊዝ አዋጁ (721/2004) ከተማው ቦታ በጨረታ ያከራያል። ጣቢያው ይመጣል ተብሎ ወሬ ሲነሳ ያለው ዋጋና ባቡሩ መመላለስ ከጀመረ፣ መንገዱና መብራቱ ከገባ በኋላ ያለው ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ብልህ ከተማ ጣቢያው አጠገብ ያለውን ቦታ ይዞ ይቆያል፤ በቅድሚያ ራቅ ያለውን ይሸጣል። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ መጀመሪያ ምርጡ ይሰጣል፣ ከዚያ ሠላሳ ዓመት ታጥሮ ይቀመጣል። ከባድ የሚሆነው ደግሞ የሊዝ ገንዘቡ ለጣቢያው መንገድና አውቶቡስ ብቻ ይዋል ተብሎ ካልታሰረ በጋራ ቋት ውስጥ ገብቶ መቅለጡ ነው። ለዚያ ሕግ መጻፍ አለበት፤ በቃል አይሆንም።

ጥያቄ (አዳማ)፦ ስንት ሰው እንደሚጠቀም አስቀድሞ እንዴት ይታወቃል? የሚባለው ቁጥር ሁሌ የተጋነነ ነው።

ይታመናል ብዬ አልዋሽህም። መነሻው የሕዝብ ቁጥር ነው፤ አገር አቀፍ ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን፣ አዳማ 220 ሺህ ገደማ ሰው ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው፤ አዳማን በዓይኑ ያየ ሰው ከተማዋ ያኔ የነበረችው እንዳልሆነች ያውቃል።

ቁጥሩን ይበልጥ የሚያዛባው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ባቡሩ በቀን ስንት ጊዜ ይመጣል? ጥናቶች ላይ «ፍላጎት» ተብሎ የሚጻፈው ባቡሩ ደጋግሞ ይመጣል ብሎ ነው። በቀን አንዴ የሚያልፍ ባቡር ተሳፋሪ ቢያጣ ፍላጎት የለም ማለት አይደለም። አዳማ ላይ መናኸሪያ ብትሄድ ሚኒባሱ ሞልቶ ይነሳል፣ የፍጥነት መንገዱ አለ፣ ሰው ሰዓት አይጠብቅም። ባቡሩ ከዚህ ጋር ነው የሚወዳደረው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው ሐዲድ ድርብ ነው። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል፤ መጠባበቅ የለም። ጠዋትና ማታ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በቢሾፍቱና በለቡ መካከል የሚመላለስ የሠራተኛ ባቡር ለማስኬድ ከባዱ ነገር ተሠርቷል። የጎደለው ባቡሩና የጣቢያ መዳረሻው ነው። እኔ ብጠየቅ አዲስ ጣቢያ ከመሥራቴ በፊት እሱን እሞክር ነበር።

ለግምት ስህተት ያለው መድኃኒት ደግሞ ቦታ ነው። ዛሬ ሁለት መሳፈሪያ ሥራ፤ የአራት ቦታ ያዝ። ትንሽ አዳራሽ ማስፋት ይቻላል፤ ኮንዶሚኒየም የተሠራበትን የሐዲድ ቦታ ግን ማን ያስመልሳል?

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ የኛ ሐዲድ ተነጥፎ ባቡር ሳናይ ዓመታት አለፉ። ስለ ጣቢያ ማውራት ራሱ ያናድዳል።

እውነት ነው፤ ያናድዳል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 392 ኪሎ ሜትር መስመር በቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ተሠርቶ ሥራ ሳይጀምር ጦርነት አገኘው። ግን መዘግየቱ ለከተማው አስተዳደር አንድ ነገር ሰጥቶታል፤ ጊዜ። ባቡሩ ሳይመጣ በፊት ከኢንዱስትሪ ፓርኩና ከመናኸሪያው ወደ ጣቢያው የሚወስደውን ሰፊ መንገድ በፕላን አስይዙ። በጣቢያው ዙሪያ መጋዘን ብቻ እንዳይደረደርበት ተከራከሩ፤ መጋዘን ቦታ ይበላል፣ ማታ ሰው አይኖርበትም፣ ሴት ልጅ ከባቡር ወርዳ የምታልፍበት ጨለማ ይሆናል።

ጥያቄ (ፉሪ አካባቢ)፦ አባቴ ገበሬ ነው። ለመሠረተ ልማት ቦታ ሲወሰድ ካሳው ምን ላይ ተመሥርቶ ነው?

የማስለቀቂያና የካሳ አዋጁ 1161/2011 ነው። በዘላቂነት ለሚለቀቅ የገጠር መሬት፣ ሌላ ተመጣጣኝ መሬት ካልተሰጠ፣ ካሳው የሚሰላው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ ተይዞ በ15 ተባዝቶ ነው። ንብረቱ፣ ማለትም ቤቱ፣ ዛፉ፣ ጉድጓዱ፣ ለብቻው ይገመታል። አዋጁ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት ቦታውን ራሳቸው ማልማት ከቻሉ ቅድሚያ እንዲሰጣቸውም ይላል፤ ይህን አንቀጽ የሚያውቀው ገበሬ ጥቂት ነው። በኋላ ማሻሻያ ስለወጣለት የመጨረሻውን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። የገመታውን ወረቀትም ሳትፈርሙ በፊት ኮፒ አስቀሩ። የምርት መጠኑን ገማቹ ሲጽፍ አባትህ አጠገቡ ይቁም፤ ስንት ኩንታል ጤፍ እንዳገኘ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ጥያቄ፦ ጣቢያ ይመጣል የተባለበት ቦታ አንድ ደላላ መሬት አሳይቶኛል። ልግዛ?

የእርሻ መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጥልህ ሰው የሚሸጠው የሌለውን ነው። ይኸው ነው።

ጥያቄ (ቦሌ)፦ የመኪና ማቆሚያ ስንት መኪና የሚይዝ ይሁን?

ትንሽ። ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ያለው ውድ ቦታ የሚገባው በቅደም ተከተል ለእግረኛ፣ ለአውቶቡስ፣ ለሚኒባስና ለባጃጅ ተራ፣ ከዚያ ለማውረጃና ለመጫኛ ነው። የግል መኪና ከጀርባ ይቁም። ተራ አስከባሪዎቹ ከመጀመሪያው በዲዛይኑ ላይ ይጠየቁ፤ ሚኒባስ የት ቆሞ የት እንደሚዞር ከኛ በላይ ያውቃሉ።

ጥያቄ (ልደታ)፦ «የእግር መንገድ ርቀት» የሚባለው ስንት ነው? ቀላል ባቡሩ ቅርባችን ነው ይባላል፤ ለመድረስ ግን መዞር አለ።

በተለምዶ 800 ሜትር፣ አሥር ደቂቃ ይባላል። ጃፓኖች የቤት ማስታወቂያ ላይ አንድ ደቂቃን 80 ሜትር አድርገው ነው የሚጽፉት። ችግሩ አንተ ያልከው ነው፤ ካርታ ላይ በኮምፓስ የሚዞረው ክብ አጥር አያውቅም። ቀላል ባቡሩ መሬት ላይ በሚሄድባቸው ቦታዎች ሐዲዱ መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል፤ መተላለፊያው ሩቅ ነው። ከማዶ ያለች ሽንኩርት ሻጭ ፌርማታውን በድንጋይ ወርውራ ትመታዋለች፤ በእግሯ ግን ተሸክማ መዞር አለባት። ብዙዎች አይዞሩም፤ አጥሩን ይዘላሉ። ስለዚህ አዲስ ጣቢያ ሲታቀድ ክብ አትሳሉ፤ ከየሰፈሩ በር እስከ መሳፈሪያው በእውነተኛው መንገድ በእግር ሂዱና ለኩ። ጣቢያው በሁለቱም ወገን በር ይኑረው። አንድ በር ብቻ ያለው ጣቢያ የከተማውን ግማሽ ጀርባውን ሰጥቶታል።

ጥያቄ (ቢሾፍቱ)፦ አቡሴራ የሚሠራው ትልቁ አየር ማረፊያስ? ባቡሩ ይግባበት?

ይግባበት፤ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ለሚሠራ አየር ማረፊያ ባቡር የግድ ነው። ጣቢያው ከተርሚናሉ ሥር ወይም አጠገቡ ይሁን፤ በሽግግር አውቶቡስ የሚደረስ ከሆነ ሻንጣ የያዘ ሰው ታክሲ ይመርጣል። በዚህኛው ጫፍ ደግሞ ባቡሩ አዲስ አበባ ውስጥ የት ይደርሳል የሚለው ከአሁኑ ካልተወሰነ ያው የለቡን ጥያቄ እንደገና እንጠያየቃለን።

ጥያቄ (ካዛንቺስ)፦ ለገሃርስ? ቅርስ ሆኖ ይቅር ወይስ እንደገና ጣቢያ ይሆናል?

የለገሃር ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1929 የተመረቀ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል የቸርችል ጎዳናን ይዛችሁ ስትወርዱ መጨረሻው ላይ ፊት ለፊት ታገኙታላችሁ፤ ከተማዋ ሆን ብላ የሠራችው ትልቁ የእይታ መስመር ይሄ ነው። በዙሪያው ያለውን 36 ሄክታር ለማልማት ከኤምሬትሱ ኩባንያ ኢግል ሂልስ ጋር በ2011 ዓ.ም. ፕሮጀክት ሲጀመር አሮጌው ጣቢያ በቅርስነት እንደሚጠበቅ ተነግሯል። ጥሩ ነው። እኔ የምጨምረው ቦታው ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች በጋራ የሚሄዱበት ክፍል ላይ መሆኑን ነው። ወደፊት የምድር ውስጥ መስመር ቢታሰብ ከዚህ የተሻለ መገናኛ የለም። ስለዚህ የፎቆቹ መሠረት ሲቆፈር የዋሻው መተላለፊያ በፕላኑ ላይ ተሰምሮ በዚያ መስመር ላይ ፓይል (የፎቅ መሠረት ምሰሶ) እንዳይወርድ መከልከል አለበት። ባቡሩ በሃምሳ ዓመት ቢመጣም መስመሩ ዛሬ ይያዝ።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ የመጨረሻ ጥያቄ ከሆነ ቀለል ያለ ልጠይቅ። ጣቢያ ውስጥ ሁልጊዜ የሚረሳው ምንድን ነው?

ጥላ፣ ውኃና ሽንት ቤት። ሽንት ቤቱ ብዙ ጊዜ ከትኬት መፈተሻው ወዲያ ይደረጋል፤ ሸኚና ተቀባይ፣ ባቡሩ የዘገየበት ሰው፣ ከገጠር ሌሊት ተነስታ የመጣች እናት ከውጭ ይቀራሉ። ከውጭ በኩልም አንድ ይሠራ፤ የውኃ ታንከሩ ከከተማው መስመር ተለይቶ ቢያንስ የሁለት ቀን የሚይዝ ይሁን፤ የሚያጸዳ ሰው ደሞዙ በጣቢያው በጀት ውስጥ ተጽፎ ይያዝ። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ የሚታወቅ ስለሆነ፣ እናንተ ጋ ባቡር ሲመጣ መጠበቂያው በሩ ወደ ነፋሱ እንዳይከፈት ንገሯቸው።